በንግሥ ቀን የነደደ እቶን

ሰኞ ጠዋት የሌርኸንታል ሰው የንግሡ ቢራ ገና ከራሱ አልወጣለትም ነበር። ሄድቪግ ግን ማልዳ ተነስታ፣ ሻሏን ደርባ ወደ አባቷ ወርክሾፕ ወረደች። አባቷ ፍሎሪያን ክናይፈል ባዶ ብርጭቆና ዋንጫ ከፋብሪካ እየገዛ፣ ሥዕልና ወርቅ አስቀብቶ፣ በእቶን አስጠብሶ የሚሸጥ ሰው ነው። ትናንት ማታ ቤቱ አልገባም። ሲሠራ ማደር ልማዱ ስለሆነ መጀመሪያ ብዙም አላሰጋትም።

ከበሩ ደረጃ ላይ ግን ትናንት ምሳ ሰዓት ራሷ ያስቀመጠችው የዝይ ጥብስ ከነድስቱ ቁጭ ብሏል። ጉንዳን ወሮታል። ክናይፈል በሆዱ የሚቀልድ ሰው አልነበረም፤ የልጅቱ ልብ የራደው ያኔ ነው። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በወንዙ በኩል ዞራ፣ በእንጨት ግቢው የኋላ በር ገባች።

አባቷ እቶኑ ፊት በጀርባው ተዘርግቷል። ፊቱ ላይ ብርጭቆ የሚወለወልበት ንጹህ ነጭ ጨርቅ ተደርጎበታል። የእሳት መቆስቆሻው ብረት አጠገቡ ወድቋል። ሄድቪግ ጨርቁን ገለጥ አደረገችና መልሳ ሸፈነችው። ጩኸቷ እስከ ደብሩ ተሰማ ይላሉ ጎረቤቶቿ፤ እሷ ግን መጮኋን አታስታውስም።

ከተማው ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። በሌርኸንታል በቅዱስ በርተሎሜዎስ ንግሥ ማንም እቶን አያነድም። ድሮ ያነደደ አንድ ሰው ከነቤቱ ጋየ ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ ልጅ የሚያድገው በንግሥ የነደደ እሳት ሰው ሳይበላ አይጠፋም እየተባለ ነው። ክናይፈል አነደደ፣ እሳቱም በላው፤ በቃ። የቀረው ምክንያት የሆነውን ሰው መያዝ ነበር፤ እሱንም ሃምሳ አለቃ ኪተል ቁርሱን ሳይበላ ይዞታል።

ኢንስፔክተር ኢግናጽ ፒች በጋሪ ሲደርስ ኪተል በሩ ላይ ሆኖ ፂሙን እየጠመዘዘ ጠበቀው።

“ያለቀ የደቀቀ ነገር ነው ጌታዬ። እሳት አንዳጁ ነው፣ ቮይታ የሚሉት የቼክ አገር ሰው።”

ነገሩን ባጭሩ አስረዳው። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ክናይፈል ቮይታን እቶኑን አንድድ ይለዋል፤ ቮይታ ደግሞ በንግሥ ቀን አላነድም ይላል። አደባባይ ላይ፣ ሕዝብ ፊት ተሰዳደቡ። ቮይታ “ይሄ እሳት አንተኑ ነው የሚበላህ” አለው። ከዚያ ሁለቱም እየተጨቃጨቁ ወደ ወርክሾፑ ገቡ። ቀትር ሳይሆን ቮይታ በኋላ በር ብቻውን ወጣ፤ ነጩ አጋዘን መጠጥ ቤት ገብቶ እስኪመሽ ጠጣ። ክናይፈልን ከዚያ ወዲያ በሕይወት ያየው የለም።

“ሲመታው ያየ አለ?”

“ሲመታው ያየ የለም። ሲዝትበት ግን ደብሩ በሙሉ ሰምቷል።”

ከላይፓ፣ ከአውራጃው ፍርድ ቤት የመጣው መርማሪ ዳኛም ይኸው በቂው ነበር። ዳኛ ራይንቫልድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው። ቼኩን በከሰዓቱ ባቡር ይዤው እሄዳለሁ አለ። በነፍስ ግድያ ተከሶ ላይፓ የገባ ድሃ በእግሩ ሲመለስ ፒች በሥራ ዘመኑ አላየም። እዚያ ከገባ በኋላ ፋይሉ ይወፍራል እንጂ ሰውየው አይወጣም።

ግቢው በር ላይ የቮይታ ሚስት ቦዤና ቆማለች። እርግዝናዋ ገፍቷል። አላለቀሰችም፤ የፒችን እጅጌ ብቻ ያዝ አደረገች።

“ባሌ ከእሳት ጋር ነው የሚውለው ጌታዬ። የሚቸኩል ሰው እሳት አጠገብ አይቆይም። በባቡር ከሄደ አላገኘውም አይደል?”

ፒች ባቡሩ ሳይነሳ ተመልሼ አነጋግርሻለሁ ብሏት ገባ።

* * *

ኢግናጽ ፒች የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። እናቱ ቤቷ ቁጭ ብላ የብርጭቆ ከንፈር ወርቅ ትቀባ ነበር፤ ልጅነቱ ቀለም በሚያቀጥኑበት አኳራጅና በቅርንፉድ ዘይት ሽታ ነው ያለፈው። ወደ እቶኑ ክፍል ሲገባ ያ ሽታ አልተቀበለውም። የተቀበለው ግለት ነው። እቶኑ ሬሳው ከተነሳ በኋላ እንኳ እንደ ተኛ ከብት ሙቀት ይተነፍሳል። ግንቡ እጅ አያስነካም። የብረት በሩ ዙሪያውን በጭቃ ተመርጓል፤ አናቱ ላይ ያለችው ጭስ መውጫም በጭቃ ውታፍ ተደፍናለች። በበሩ መሐል ደግሞ የእሳቱ ቀለም የሚታይባት ትንሽ ማያ ቀዳዳ አለች። ክናይፈል ተዘርግቶ የተገኘው ልክ እሷ ሥር ነው።

ፒች ጎንበስ ብሎ የማንደጃውን አመድ አየ። እስከ ፍርግርጉ ሞልቷል። ወደ ግድግዳው ዞረ፤ እንጨት የሚደረደርበት ቦታ ላይ የበርች ቅርፊት ፍርፋሪ ብቻ ቀርቷል።

“እዚህ ስንት እንጨት ነበር?”

ኪተል ሄድቪግን ጠይቆ መጣ። ቅዳሜ ማታ ቮይታ እስከ መስኮቱ ድረስ ቆልሎት ነበር አለች።

“እንግዲህ አስብ” አለ ፒች። “ቮይታ ቀትር ሳይሆን ገደለው እንበል። ከዚያ መጠጥ ቤት ገባ። ይሄን ሁሉ እንጨት ማን ከተተው?”

“እሳት በራሱ ይነድ የለ ጌታዬ?”

“ያጎረሱትን ያህል ነው የሚነደው።”

ፒች ውታፉን በጣቱ አሳየው። ሥዕሉ የሚቀባው ቀለሙ በዘይት ተለውሶ ስለሆነ፣ እሳቱ ሲጀምር ዘይቱ ይጨሳል። ጭሱ እስኪያልቅ ድረስ ጭስ መውጫዋ ክፍት መሆን አለባት፤ አለዚያ ቀለሙ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ጭሱ ሲሳሳ ትደፈናለች። ከዚያ እሳቱ ቀስ እያለ ይጨመርበታል፣ እስኪመሽ። ይህችኛዋም በጊዜዋ ተደፍናለች። ማታ ከንግሡ ጭፈራ ሲመለሱ የጣሪያው ጭስ ማውጫ ሲያጨስ ያዩ ሦስት ሰዎች ደግሞ ኪተል ራሱ አግኝቷል።

“ክናይፈል ራሱ እስከ ማታ ሲያነድ ውሎ ማታ ተገድሎስ ቢሆን?” አለ ኪተል።

“ዝይውን ትቶ?”

ኪተል ክናይፈልን ያውቀዋል። ሳቀና ወዲያው ሳቁን ዋጠው።

“ሌላም አለ” አለ ፒች፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ገድሎ የሚሮጥ ሰው የሟቹን ፊት አይሸፍንም። ፊት የሚሸፍነው አብሮት የሚቆይ ሰው ነው። አንድ ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ፣ ከሬሳ ጋር፣ ውጭ ሙዚቃው እየተሰማ፣ እስኪመሽ እሳት ሲያበላ ዋለ።”

የአገሩ በጋ የሚያቃጥልበት የነሐሴ ቀን ነበር፣ ክፍሉም ይፋጃል። ኪተል ግን የኮቱን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ።

ዳኛው ይህን ሲሰማ ትከሻውን ነቀነቀ። ሐኪሙ ሙቀቱ ሬሳውን አበላሽቶታል፣ የሞተበትን ሰዓት መናገር አልችልም ብሏል። ስለዚህ ክናይፈል ራሱ ሲያነድ ውሎ፣ ቼኩ ማታ ከመጠጥ ቤቱ ወጥቶ ሊገድለው ይችል ነበር፤ አንድ ሰካራም ለሽንት ብሎ ስንቴ እንደወጣ ማን ቆጥሮ? ፒች ሌላ ሰው ካለው ያምጣ፤ ባቡሩ ግን አይጠብቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው ብሎ ፒች በሆዱ አጉረመረመ።

* * *

ቮይታ በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ታስሯል። ቅንድቡ በእሳት የተለበለበ ግዙፍ ሰው ነው። መሳደቡን አልካደም። ክናይፈል ውስጥ ከገቡ በኋላ “አንተ ካላነደድክ እኔ አነዳለሁ” ብሎ የቢራ ኩባያዎቹን እቶኑ ውስጥ መደርደር ጀመረ፤ እሱም ትቶት ወጣ።

“ስትወጣ እሳቱ ነዶ ነበር?”

“ክብሪት አልተጫረም። ገና እየደረደረ ነበር፣ በደንብ እንኳ አይችልበትም።”

“ሌላ ምን ይዞ ነበር?”

ቮይታ ጥቂት አሰበ። “ጨርቅ። በአኳራጅ የተነከረ ጨርቅ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነበር። ሽታው ዓይኔን ስላቃጠለኝ አልረሳውም።”

ፒች ይህን በጆሮው ያዘው። እቶን የሚደረድር ሰው ደረቅ ጨርቅ ነው የሚይዘው፤ አኳራጅ ምን ይሠራለታል? ቮይታ ደግሞ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ሚስቱ ጠየቀው፤ ልጁ ሲወለድ አጠገቧ እሆናለሁ ወይ አለው። ፒች ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

ከወርክሾፑ ሠዓሊዎች በጭፈራው ላይ ያልታየች አንዲት ሴት ናት፣ ኦቲሊያ ግሮልሙስ። ከዳቦ ቤቱ በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው የምትኖረው። ፒች ሲገባ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ በመስታወት ሰሌዳ ላይ ቀለም ትፈጫለች። የክናይፈል ወርክሾፕ ስም ያገኘው በእሷ እጅ ነው፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ ክናይፈልም በሰከረ ጊዜ ያምን ነበር። የፒች እናት ወርቅ ስትቀባ እሷ ገና ወጣት ሆና አብራት ትቀመጥ ነበር።

“ግባ ልጄ። ወንበሩ ላይ ያለውን አንሳና ቁጭ በል።”

“እትዬ ኦቲሊያ፣ ዛሬም ይሠራሉ?”

“እጄን ካስቀመጥኩት ይንቀጠቀጣል።”

ትናንት ራሴን አሞኝ ከቅዳሴ በኋላ መጋረጃ ዘግቼ ተኝቼ ዋልኩ አለችው። ጎረቤቷ መጋረጃው ተዘግቶ ማየቷን ትመሰክራለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል፣ ያበጡም ይመስላሉ፤ ሰው ሞቶባት ነው ቢል ያስኬዳል። በወዲያኛው ክፍል ትንሽ አልጋ ከነአልጋ ልብሷ ተነጥፋለች። ፒች አስታወሰ፤ ልጇ ሬዚ ከሦስት ክረምት በፊት በሳንባ በሽታ ነው የሞተችው። አልጋዋ እስከ ዛሬ አልታጠፈም።

ስለ ክናይፈል ጠየቃት። ሞትን ለማንም አልመኝም አለች። ሊወጣ ሲነሳ ቀለም መፍጨቷን አቆመች።

“እቶኑን ማን ነው የሚከፍተው?”

“እስካሁን አልተወሰነም።”

“አትቸኩሉ። እስከ ነገ ቀትር እንዳትነኩት በላቸው። ኩባያ ቢሆንም የሰው ድካም ነው።”

ትክክለኛ ምክር ነበር። ፒች አመስግኗት ወረደ።

* * *

የኪተል ሁለተኛ ተጠርጣሪ የክናይፈል አማች፣ የሄድቪግ ባል አውጉስት ነበር። እሱ በጭፈራው መጀመሪያ ታይቶ ከሰዓት በኋላ ጠፍቷል። የአማቱን ወርክሾፕ ለመውረስ የቸኮለ ሰው ነው፤ ሠዓሊዎቹን አባርሮ በወረቀት የታተመ ሥዕል ብርጭቆ ላይ እየለጠፈ መሸጥ እንደሚያምረው አፉን ሞልቶ ይናገራል።

አውጉስት ላብ በላብ ሆኖ መጣ። መጀመሪያ ጭፈራው ላይ ነበርኩ አለ፤ ኪተል ጠረጴዛውን ሲመታ የት እንደነበረ ወጣ። ከድሬስደን ከመጣ የተለጣፊ ሥዕል ነጋዴ ጋር በእንግዳ ማረፊያው ፎቅ ላይ ተዘግቶ፣ ከአማቱ ተደብቆ ዋጋ ሲከራከር ነው የዋለው። ነጋዴው ገና አልሄደም፤ አሳላፊዋም ቢራ ስታመላልስላቸው ውላለች። ሁሉም አንድ ዓይነት ተናገሩ።

“ደግሞስ” አለ አውጉስት፣ ፊቱ እንደ መመለስ ሲል፣ “እኔ ፒፓዬን እንኳ በአንድ ክብሪት አቀጣጥዬ አላውቅም። እዚያ እቶን ውስጥ ያለው ሁሉ ቢሰነጠቅ ለኔ ሠርጌ ነው።”

ፒች አመነው። አውጉስት ቢገድል ኖሮ እሳቱን ለመንከባከብ ሳይሆን ለመሸሽ ነበር የሚቸኩለው።

“እቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለህ?”

“የቢራ ኩባያ። ዋንጫውም ገብቶ እንደሆነ እንጃ።”

“የቱ ዋንጫ?”

“የራይኸንበርጉ ፋብሪካ ባለቤት ያዘዘው ነዋ፣ ባለ ክዳኑ። ኦቲሊያ ክረምቱን በሙሉ የሠራችው።” አውጉስት በእጁ ንቀት አሳየ። “ሰውየው የልጁን ፎቶ ላከ፣ ልጅቱን በአበባ መሐል ሣሉልኝ ብሎ። አማቴ ቅዳሜ ዋንጫውን ሲያየው ያልተላከ ፊት ነው። ሌላ ልጅ ናት። አበደ። አጥፊው አላት፣ እሷ እምቢ። እንግዲያው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ራሴ ጠርጌ አጠፋዋለሁ፣ እንደገና ትስለዋለች ብሎ ሲዝት እራት በላን።”

ፒች ከወንበሩ ተነሳ። እሳት ያልነካው ሥዕል በብርጭቆ ላይ ትቢያ ማለት ነው። አኳራጅ የነካ ጨርቅ አንዴ ሲያልፍበት የክረምት ሥራ አፈር ይበላል። ክናይፈል ትከሻው ላይ ይዞት የነበረው ያንን ጨርቅ ነው።

ኪተልን አስከትሎ ወደ ወርክሾፑ ተመለሰ። መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ባዶ ብርጭቆ አለ፣ ያለቀለት ዕቃ አለ፤ ክዳን ያለው ዋንጫ ግን የለም። ወለሉ ላይ ስባሪ የለም፣ ቆሻሻ መጣያውም ውስጥ የለም።

“ሊያጠፋው የተነሳ ሰው እቶን ውስጥ አያስገባውም” አለ ፒች፣ ለራሱ ይመስል። “ሌላ ሰው ነው ያስገባው።”

ከጣቢያው በኩል ባቡሩ ውሃ ሊሞላ ሲያፏጭ ተሰማ።

* * *

ፒች አንዲት የምስክርነት ቃል የለውም። ያየ የለም፣ የሰማ የለም። የተጋረደ መስኮት ለኦቲሊያ ምስክር ሊሆንላት ይችላል እንጂ ሊሆንባት አይችልም። ለዳኛው ሄዶ የቀላ ዓይንና የጠፋ ዋንጫ ቢነግረው መልሱን ያውቀዋል። ያለው አንድ መንገድ ነው፤ እሱንም ሲያስበው ራሱን ጠላው። ቢሆንም ኪተልን ልኮ አስጠራት።

ኦቲሊያ ሻሏን ተከናንባ መጣች። ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ወለሉን አላየችም፤ ሬሳው የነበረበትን ቦታ በዓይኗ ዘላ ቀጥታ እቶኑን አየች። ፒች መፈንቅል ብረት ለኪተል ሰጠው።

“ማስረጃ እቶኑ ውስጥ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። አሁን ይከፈታል።”

“ልጄ፣ ገና ይፋጃል” አለች ኦቲሊያ በቀስታ። “ቀዝቃዛ አየር ከገባበት ውስጡ ያለው ሁሉ ይረግፋል። አንተ እኮ የአና ልጅ ነህ፣ ይሄን ታውቃለህ።”

“አውቃለሁ እትዬ።”

“ነገ ክፈቱት። ነገ ምን ይጎድላችኋል?”

“ቮይታ ይጎድለናል። ባቡሩ አሁን ይነሳል።” ወደ ኪተል ዞረ። “ጭቃውን አፍርሰው።”

ኪተል ብረቱን በበሩ ጠርዝ ሻጠው። ደረቁ ጭቃ ተሰንጥቆ ቁራጩ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከስንጥቁ የወጣው ግለት የኪተልን ፊት ገረፈውና ወደ ኋላ አለ። ሁለተኛውን ሲሰነዝር ኦቲሊያ ብረቱን ከጫፉ በባዶ እጇ ያዘችው። ብረቱ ግሏል፤ አልለቀቀችውም።

“ተው” አለች። “እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት። ተው አትክፈተው።”

ፒች ለኪተል በጭንቅላቱ ምልክት ሰጠው። ኪተል ብረቱን አስቀመጠ። ኦቲሊያ መዳፏን ሳታየው እንጨት መፍለጫው ግንድ ላይ ተቀመጠች።

“ቃልህን ስጠኝ። እስኪበርድ አይነካም በል፣ ሁሉንም እነግርሃለሁ። ዳኛው ፊትም እነግረዋለሁ።”

“እስኪበርድ አይነካም።”

“በእናትህ?”

“በእናቴ።”

ከዚያ ነገረችው። ሬዚ ፎቶ የላትም። በሕይወት ሳለች እናቷ ፎቶ ሳታስነሳት ቀረች፤ ከሞተች በኋላ ደግሞ የሞተ ፊት ማንሳት አልፈለገችም። ፊቷ ከእናቷ ጭንቅላት በቀር የትም የለም፤ ከዚያም እየጠፋ ነው። መጀመሪያ አፍንጫዋ ጠፋባት፣ ቀጥሎ ሳቋ። የእናትየውም ዓይን ደክሟል፣ ሐኪሙ ከእንግዲህ ቀጭን ሥራ አትሠሪም ብሏታል። ስለዚህ የቀራትን ሁሉ በዚያ ዋንጫ ላይ አፈሰሰችው።

“ለሰውየው ሌላ ዋንጫ እሠራለታለሁ፣ ይሄን ከደመወዜ ቁረጥና ተውልኝ ብዬ ለምኜዋለሁ። ቅዳሜ ለመንኩት። እሁድም ከቅዳሴ በኋላ ልለምነው በኋላ በር ገባሁ። ዋንጫውን በግራ እጁ ይዞታል፣ ጨርቁን በቀኙ። ‘የሞተ ልጅ ማን ይገዛኛል’ አለኝ። አበባውን ጠርጎ ጨርሷል። ወደ ፊቷ ሲመጣ ነው።”

“በብረቱ መቱት?”

“መታሁት። ዋንጫውን ከእጁ ሳልቀበለው እንዳይወድቅ ነው የፈራሁት እንጂ፣ ስለሱ የዚያን ጊዜ አላሰብኩም። ዋንጫውን ያዝኩት። እሱ ወደቀ።”

ኪተል አማተበ።

“ሸሽተው መሄድ ይችሉ ነበር” አለ ፒች። “ዋንጫውን ይዘው።”

“ያልተጠበሰ ሥዕል ይዤ? በመንገድ ላይ ሻሌ ቢነካት ትጠፋለች። እሳት ሲያያት ብቻ ነው የምትቀረው።” እቶኑን አየችው። “ኩባያዎቹ መሐል አስገባኋት። በሩን መረግሁ፣ አነደድኩ። ሄድቪግ ምሳ ይዛ ስታንኳኳ አፌን በእጄ ያዝኩ። ሙዚቃው ይሰማኛል። እሱ እዚህ ተኝቷል። ከባድ ነው፣ ላነሳው ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ፊቱን ሸፈንኩለትና እሳቱን ቀጠልኩ።”

ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ተሰበረ።

“አንድ ነገር ብቻ ነው የቆጨኝ። መጨረሻ ላይ በቀዳዳዋ ማየት ነበረብኝ፣ የእሳቱን ቀለም። ሁለት ጊዜ አየሁ። ሦስተኛውን ጊዜ በሱ ላይ ተራምጄ መቆም አቃተኝ። መሽቶ ነበር፣ ጨርቁም የሚነቃነቅ መሰለኝ። በግምት ተውኩት። ቀዩ ቀለም እሳት ከበዛበት በኖ ይጠፋል፣ ታውቃለህ። የሬዚ ጉንጭ ደግሞ ቀይ ነው፤ ከሁሉም እሱ ነው እሷን የሚያደርጋት።”

ኪተል ወደ ጣቢያው ሮጠ። ባቡሩ ሲነሳ ቮይታ መድረኩ ላይ ቆሞ እጁ ሲፈታ ቦዤና አቅፋው ነበር። ከባቡሩ የወረደው ዳኛ ያልተደሰተ ፊት ይዞ የኦቲሊያን ቃል ራሱ ሰማ፤ እሷም አንዲት ቃል ሳታጎድል ደገመችለት።

* * *

እቶኑን ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ቮይታ ከፈተው። ሌላ ሰው እንዲነካው ፒች አልፈቀደም። ቮይታ ግንቡን በጀርባ እጁ ዳስሶ፣ ጭቃውን በጣቱ እየፈረፈረ አወረደና በሩን በቀስታ ገለጠ። ምንም አልተሰነጠቀም። ኩባያዎቹን አንድ በአንድ አወጣቸው። መጨረሻ ላይ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ፣ ክዳኑን አወጣ፣ ቀጥሎም ዋንጫውን በሁለት እጁ አውጥቶ መስኮቱ ሥር አቆመው።

የተጠረገው አበባ ቦታ እንደ ጭጋግ ሆኖ ቀርቷል። ከጭጋጉ መሐል ልጅቱ ታያለች። ፒች ሬዚን በሕይወቷ ሁለት ሦስት ጊዜ አይቷታል፤ ወዲያው ለያት። ቅንድቧ፣ ነገር ልትናገር ያለ የሚመስለው አፏ፣ የጆሮዋ አሰካክ፣ ሁሉም አለ። ቀዩ ግን በኖ አልቋል። ጉንጯ አመድ ነጭ ነው፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ጥላ ብቻ ይዞ ቀርቷል። ያን ክረምት በሬሳ ሳጥኑ ውስጥ የተኛችው ልጅ ዓይኗን ገልጣ የምታይ ትመስል ነበር።

ቮይታ ኮፍያውን አወለቀ። እሳቱ ጥቂት በዝቶበታል አለ፤ ጥቂት ብቻ።

ፒች በማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ሲወርድ ምን እንደሚላት አልወሰነም ነበር። ኦቲሊያ የተቃጠለ መዳፏ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ሲገባ ተነሳች። ስለ ዳኛው አልጠየቀችም፣ መቼ ወደ ላይፓ እንደምትወሰድም አልጠየቀችም።

“ተከፈተ?”

“ተከፈተ። ደህና ወጥታለች፣ ምንም ስንጥቅ የለባትም።”

“ጉንጯስ?”

በሥራው ብዙ ውሸት ሰምቷል፤ ራሱ ግን የዋሸው እስረኛ አልነበረም።

“ቀይ ነው” አለ። “ልክ እንደ ራሷ።”

ኦቲሊያ ደጋፊ ፈልጋ ግድግዳውን ያዘች። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ፊቷ ላይ የነበረው ጭንቀት ሁሉ ወርዶ ሌላ ሰው መሰለች።

“ለባለ ፋብሪካው አትስጡብኝ።”

“ለማንም አትሰጥም። ማስረጃ ናት፤ ላይፓ ትሄዳለች።”

ይህን ካለ በኋላ ነው ምን እንደተናገረ የገባው። እሷ ግን ከእሱ ቀድማ ተረድታዋለች። ፈገግ አለች፤ ፒች ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም።

“እንግዲያው ችሎት ስገባ ጠረጴዛው ላይ ትቆምልኛለች” አለች። “ያን ቀን አያታለሁ አይደል ኢግናጽ?”

“አዎ እትዬ” አለ ፒች። “ያዩዋታል።”